አንድ ቦታ፣ ብዙ ካርታ፦ ጂኦግራፊን በኦንላይን ካርታ ስለማስተማር

(ለሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህራን በክረምት ሥልጠና ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ኦንላይን ካርታ ተናገር ሲባል ሰው የሚጠብቀው የመተግበሪያ ዝርዝር ነው። ይኼን አውርዱ፣ ያንን ክፈቱ፣ ይኼኛው ነፃ ነው፣ ያኛው ገንዘብ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ቦታ ነው። መተሃራን።

ብዙዎቻችሁ ወደ ድሬዳዋ ወይ ወደ ሐረር ስትሄዱ አልፋችሁባታል። ሐይቅ አላት። እሳተ ገሞራ አጠገቧ አለ። አዋሽ ወንዝ በአቅራቢያዋ ያልፋል። የሸንኮራ እርሻ አለ፣ የጅቡቲ መንገድና ባቡር አለ። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ አገሩን ሁሉ ያስጨነቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨመረ። በአራት ዓመት ከምናስተምረው ጂኦግራፊ ብዙው እዚያች አንዲት ከተማ ዙሪያ ተሰብስቦ ይገኛል።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ፕላዝማን ላንሣ። ዕድሜያችሁ የፈቀደ ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ቴሌቪዥን። ውስጡ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል። ጥያቄ ይሰጣል፣ እርሳስ ሳታነሡ መልሱን ይናገራል። ምስሉ ግን ያምር ነበር፤ እሱን መካድ አይቻልም። የኔ ስጋት ኦንላይን ካርታ ሁለተኛ ፕላዝማ እንዳይሆን ነው። ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ምድር ስክሪኑ ላይ ትሽከረከራለች፣ ተማሪው "ዋው!" ይላል፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ።

እኔ ክፍል ውስጥ የምከተለው ሕግ አንድ ነው። ካርታው ከመከፈቱ በፊት ተማሪው ይገምታል። ግምቱን በወረቀት ይጽፋል ወይም ይሥላል። ከዚያ ይከፈታል። አንድ ሌየር (ካርታ ላይ የሚደረብ አንድ የመረጃ ንጣፍ) ይታያል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ይደረባል፤ እያንዳንዱ ከመምጣቱ በፊት ግምት አለ። የተሳሳተ ግምት ከትክክለኛው የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ለምን እንደተሳሳተ ማወቅ ይፈልጋላ።

እሺ፣ መተሃራ።

የመጀመሪያው ሥራ ያለ ምንም ኢንተርኔት ይሠራል። ከአዲስ አበባ እስከ መተሃራ ያለው መሬት ከጎን ሲታይ ምን ይመስላል? በአንድ መስመር ሣሉት። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ንገሯቸው። መተሃራ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ዝቅ ትላለች። ከደጋ ወደ ቆላ መሆኑን ያውቁታል፣ ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ አንድ ወጥ ቁልቁለት ይሥላል። ከዚያ ጉግል ኧርዝ ላይ መንገዱን ተከትላችሁ መስመር አስምሩና የከፍታውን ገጽታ አሳዩ። መሬቱ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ላይ ረጋ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። "ለምን ደረጃ ሆነ?" የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል። ስለ ስንጥቅና ስለ መሬት መስመጥ የምታወሩት ያኔ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ ያ የከፍታ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው። አብዛኛው ሰው በነፃ የሚጠቀምበት የዓለም የከፍታ መረጃ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችው ነው። ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ሸፈነች። ሰሜን ጫፍና ደቡብ ጫፍ አልገቡም፤ እኛ ግን ሙሉ በሙሉ ገብተናል። ካርታ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ለክቶት የመጣ ነው። ይኼን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሌየር የሳተላይት ምስል ነው። መተሃራን ከላይ ስታዩዋት ሐይቁ አጠገብ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ ነገር ይታያል። ምንድነው? ስሙን አትንገሯቸው። ጫካ ይላሉ። የተቃጠለ እርሻ ይላሉ። የደመና ጥላ ይላሉ። አንዱ "አስፋልት" ብሎኝ ክፍሉ ሁሉ ስቋል፤ ግን ቀለሙን በትክክል ነው ያየው። ቅርብ አድርጋችሁ አሳዩ። ቅልጥ ዓለት ፈስሶ የጠጠረ ነው። ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የፈሰሰውም እዚያው ውስጥ አለ። ተራራው ራሱ አናቱ ላይ ሞላላ ጉድጓድ አለው፣ ፈንድቶ ባዶ ሲሆን የሰመጠ። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ "ካልዴራ" ብላችሁ የምትሥሉት ያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ሦስተኛው ሌየር፣ ወደ መንቀጥቀጡ።

የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስጂኤስ የምንለው፣ የዓለምን የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲያው ወዲያው በካርታ ያወጣል። ለማንም ክፍት ነው። ቀኑን ከመስከረም 2024 እስከ መጋቢት 2025 (ፈረንጅኛውን አቆጣጠር ነው የሚጠቀመው) ወስኑ። አካባቢውን በአራት ማዕዘን ክለሉ። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ነጥቦቹ ተራራውን ከበው ይሆናሉ? እንደተዘራ እህል ይበተናሉ? ወይስ መስመር ይይዛሉ?

ሲከፈት ብትንትን ያሉ ይመስላሉ። ዓይን ሲለምድ ግን አቅጣጫ አላቸው፤ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፈንታሌ ዶፈን ወደሚባለው ሌላ እሳተ ገሞራ፣ ስምጥ ሸለቆው ራሱ በሚሄድበት በኩል። ትልልቆቹ ክቦች መካከል ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው 5.7 አለ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ተማሪ ያንን ሌሊት ያስታውሰዋል። "እኛ ቤት መብራቱ ተወዛወዘ" ይላል። እዚህ ጋ ክፍሉ ይነቃል። ግን እዚያው አካባቢ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሕዝብ እንዳለ አስታውሱ፤ ነጥብ ብቻ አይደለም። ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ አነጋግሩት።

አንዴ የነጥቦቹን ዝርዝር በሠንጠረዥ አውርደን እያየን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሁሉም ለምን 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነ?" አለች። እውነቷን ነው። ከላይ እስከ ታች 10፣ 10፣ 10 ይላል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ የዕለቱን ዕቅድ ዘግቶ እሱን መከተል ነው።

መልሱ ይኼ ነው። የመንቀጥቀጡን ጥልቀት በደንብ ለማወቅ ቅርብ የሆኑ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። ጣቢያዎቹ ሩቅ ሲሆኑ ወይም ሲያንሱ ቦታው በግምት ይገኛል፣ ጥልቀቱ ግን አይለይም። ያኔ ስሌቱ እንዲቆም ጥልቀቱን አንድ ቁጥር ላይ ያስሩታል። 10 ኪሎ ሜትር የተለመደው ነው። ስለዚህ ያ 10 የተለካ አይደለም፣ የተመደበ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ግን ከሌሎቹ ቁጥሮች ምንም አይለይም። ቀለሙም መልኩም አንድ ነው። ያቺ ልጅ ያን ቀን የተማረችውን የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ አያስተምራትም።

ከዚያ ሁለተኛ ጥያቄ አመጣሁላቸው። ካሊፎርኒያን ክፈቱ። መጠናቸው 1 እና 2 የሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች መዓት ናቸው። እኛ ጋ ከ4 በታች የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ እኛ ጋ ትንንሽ መንቀጥቀጥ የለም? አለ፣ ያውም ብዙ። ያ ካርታ ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው ትልልቁን ብቻ ነው የሚያወጣው። ባዶ ሆኖ የሚታይ ቦታ ምንም ያልተከሰተበት ሊሆን ይችላል፤ የሚያዳምጠው መሣሪያ ያልቀረበውም ሊሆን ይችላል። ለአፍሪካ ተማሪ ይኼ ከምንም በላይ የሚጠቅም እውቀት ነው ባይ ነኝ፤ የጤና ካርታ ላይም፣ የአየር ንብረት ካርታ ላይም ያው ነውና።

የክቦቹን መጠን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 5.7 ከ4.7 በሚለቀቅ ኃይል 32 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ካርታው ላይ ክቡ ትንሽ ነው የሚሰፋው። ተማሪ ይኼን ካላወቀ ዓይኑ ይታለላል።

ምክንያቱስ? በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዓለት ከሥር እየገባ መሬቱን ሰንጥቆ ሲከፍት ነበር። ይኼ የታወቀው ከራዳር ሳተላይት ነው። ሴንቲኔል 1 የተባለችው በተለያየ ቀን ያነሣቻቸውን ሁለት ምስሎች ሲያነጻጽሩ መሬቱ ወደ ሳተላይቷ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረበ ወይም እንደራቀ ይታያል። ምስሉ ቀስተ ደመና ይመስላል። አንድ ሙሉ የቀለም ዙር 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተማሪዎቹ ዙሮቹን ይቁጠሩና ያባዙ። ሒሳብ መምህሩ ይደሰታል። አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 እንዲህ ዓይነት ክስተት ደርሶ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቶ ነበር። እሱንም ዓለም ያየው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዱን ካርታ በሌላው ላይ መደረብ የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም። ማሪ ታርፕ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ላሞንት በሚባል ምርምር ጣቢያ ትሠራ ነበር። ሴት ስለሆነች መርከብ ላይ አያወጧትም። ወንዶቹ ባሕሩን በድምፅ ለክተው ቁጥር ያመጣሉ፣ እሷ በእጇ ትሥላለች። የአትላንቲክን ወለል ስትሥል በመካከለኛው የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ደጋግሞ መጣባት። ለባልደረባዋ ለብሩስ ሂዘን ነገረችው። "የሴት ወሬ" ብሎ አጣጣለው። የአህጉሮችን መንሸራተት ሐሳብ ስለሚመስል በዚያ ዘመን እንደ ነውር ነበር።

እዚያው ክፍል ሃዋርድ ፎስተር የሚባል መስማት የተሳነው ሠዓሊ ደግሞ ለሌላ ሥራ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎችን በካርታ ያኖራል። በአጋጣሚ የሁለቱም ካርታ መስፈርት (ስኬል) አንድ ነበር። ከሥሩ ብርሃን ባለው ጠረጴዛ ላይ ደረቧቸው። የፎስተር ነጥቦች በታርፕ ስንጥቅ ውስጥ ተሰለፉ። ሂዘን ያን ጊዜ ነው ያመነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ያ የባሕር ውስጥ ስንጥቅ ከምን ጋር ነው የተነጻጸረው? ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር። የኛው ሸለቆ ውሃ ስለሌለበት በግልጽ ይታያል፣ የባሕሩን ለመረዳት እሱ ሚዛን ሆነ። ይኼን ታሪክ ከመንቀጥቀጡ ትምህርት በኋላ ስነግራቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንኑ ሥራ እንደሠሩ ይገባቸዋል። አስቀድሜ ብነግራቸው ተረት ሆኖ ይቀር ነበር።

አራተኛው ሌየር ጊዜ ነው። ጉግል ኧርዝ ውስጥ ታይምላፕስ የሚባል አለ፣ የሳተላይት ምስሎችን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዓመት በዓመት ያጫውታል። የመተሃራውን ሐይቅ፣ በሰቃን፣ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ባለፉት አርባ ዓመታት ምን ሆነ? ሐረማያ ሐይቅ መድረቁን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ "ቀነሰ" ይላሉ። ከዚያ አጫውቱት። በሰቃ እየሰፋ ነው የሚሄደው! እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን አስቸግሯል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻውም ለወንዙም ደስ አይልም።

ወዲያው አቢጃታ ሐይቅን ክፈቱ። እሱ ደግሞ ይሸሻል። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሁለቱም መውጫ ወንዝ የሌላቸው፣ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ሲጠብ። የዝናብ መቀነስ ነው ያለ ተማሪ አሁን መልሱን ማሻሻል አለበት። የአቢጃታን ቶሎ ያገኙታል። ወደ እሱ የሚገባው ውሃ ላይ ከላይ መስኖ አለ፣ ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ይቀዳ ነበር፣ ሐይቁ ደግሞ ጥልቀት የለውም። የበሰቃ ይከብዳል። ከመስኖ እርሻው የሚሰርግ ውሃ፣ ከፍ እያለ የመጣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ የከርሰ ምድሩ እንቅስቃሴ ራሱ፤ የትኛው ስንት ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ክርክሩን ለተማሪዎቻችሁ እንደ ክርክር ስጧቸው።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። መንቀጥቀጡም እዚያው፣ ሐይቁም እዚያው። "ሐይቁን ያሰፋው የ2017ቱ መንቀጥቀጥ ነው" የሚል አይጠፋም። ሁለት ሌየር ሲገጥም ደስ ይላል፣ ደስታው ግን ማስረጃ አይደለም። ምስሉን ወደኋላ መልሱት፤ ሐይቁ መስፋት የጀመረው ከዚያ ብዙ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። የጊዜ ሌየር አንድ ጥቅሙ ይኼ ነው፣ የማን ነገር እንደቀደመ ያሳያል።

ለአንድ አፍታ ከመተሃራ ልውጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ወዴት ሄደ? ተማሪዎቼ ወደ ምዕራብ፣ ወደኛ አሉ። የሳተላይት ካርታው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ወደ ኦማን፣ ከዚያ እስከ ህንድ ሲሄድ አሳየ። እዚያ በረራ ሁሉ አስተጓጉሏል። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለወጣ የወሰደው የላይኛው ነፋስ ነው። መሬት ላይ የሚሰማን ነፋስና እላይ ያለው አንድ አለመሆኑን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኘሁም። የናሳ ወርልድቪው (የየዕለቱን የሳተላይት ምስል የሚያሳይ ገጽ) ላይ ቀኑን መርጣችሁ ልታሳዩ ትችላላችሁ።

ስለ ካርታ አጣጣል (ክቧን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለማስፈር) ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ግን አንድ መልመጃ። የኢትዮጵያን ቅርጽ አንሥቶ ግሪንላንድ ላይ የሚያስቀምጥ ገጽ አለ፤ ትሩ ሳይዝ ይባላል። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ግሪንላንድ ውስጥ ስንቴ ትገባለች ብላችሁ አስገምቱ። አሥር የሚል አለ። መልሱ ሁለት ያህል ነው። ግሪንላንድ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ 14 ጊዜ ትገባለች። መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኛ የሠራው ካርታ ነው፣ ለእነሱ አንግል የማይዛባ መሆኑ ይበቃቸው ነበር። ዛሬም የኢንተርኔት ካርታዎች የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅርብ አድርጋችሁ ስታዩ መስቀለኛ መንገዱ እንደ መስቀለኛ መንገድ ይታያል። ለሰፈር ካርታ ጥሩ ነው። ለዓለም ካርታ መጥፎ ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የአህጉሩን ትክክለኛ ስፋት የሚያሳይ ካርታ ይተካ የሚለውን ዘመቻ ደግፏል። እኔም እደግፋለሁ፤ መርካቶርን ግን ከክፍል አላወጣውም፣ ስፋትን ከማያዛባው ከኢኩዋል ኧርዝ ካርታ ጎን አስቀምጬ ተማሪው ራሱ ያወዳድራቸዋል።

ቀለምም እንዲሁ። የሕዝብ ብዛትን በክልል ብትቀቡ ሰፊ ክልል ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ይጮኻል። በካሬ ኪሎ ሜትር ብትቀቡ ሌላ አገር ይመስላል። ሁለቱንም አሳዩና "የትኛው ይዋሻል?" በሉ። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ደግሞ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ የሚሄድ አንድ ቀለም ምረጡ።

እዚያ ኋላ ያሉት መምህር እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ጥያቄያቸው ይመስለኛል የሁላችሁም ነው፦ "እኛ ጋ ኔትወርክ የለም፣ መብራትም ይጠፋል፣ ፕሮጀክተር ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎበታል።"

አውቃለሁ። ኦንላይን ካርታ የሚመጣው በትንንሽ አራት ማዕዘን ምስሎች ነው። ዓለም ከሩቅ ሲታይ አንድ ምስል ትበቃዋለች። አንድ ደረጃ በቀረባችሁ ቁጥር የምስሉ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። ዳታችሁን የሚበላው ማቅረብና ማራቁ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ቀድማችሁ ኔትወርክ ባለበት ክፈቱ፣ ስክሪንሾት አንሡ፣ በቅደም ተከተል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ግምት ለማስገመት የቆመ ምስል ይበቃል። ኦርጋኒክ ማፕስን የመሳሰሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ካርታዎች ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ) መስመር ሁሉ አላቸው፤ አንዴ አውርዳችሁ በተማሪ ስልክ ማጋራት ትችላላችሁ። ለአምስት ተማሪ አንድ ስልክ ይበቃል። እንዲያውም ይሻላል፣ ይከራከራሉ።

መንቀጥቀጡን ደግሞ ያለ ስክሪን መሥራት ይቻላል። ሠንጠረዡን አንድ ገጽ አትሙ። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ መጠን። ግራፍ ወረቀት ስጡና ነጥቦቹን በእጃቸው ያኑሩ። ፎስተርም ያደረገው ይኼንኑ ነው። መስመሩ ከእርሳሳቸው ሥር ሲወጣ የሚሰማቸው ስሜት ፕሮጀክተር ላይ ከማየት ይበልጣል። ይኼን ስል ለማጽናናት አይደለም፤ ፕሮጀክተር ባለበትም መጀመሪያ በእጅ ነው የማሠራው።

የራሳችሁን ከተማ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ክፈቱና ምን እንደጎደለ ዝርዝር አስይዟቸው። ጤና ጣቢያው አለ? ድልድዩ? ምንጩ? ማንም ተመዝግቦ ሊሞላው የሚችል ካርታ ነው። ከጉግል ካርታ መገልበጥ ግን ክልክል ነው፤ በእግራቸው ሄደው ያዩትን ብቻ ይጻፉ።

አሁን ወደ ተግባሩ። በአምስት በአምስት ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከሚያስተምርበት ወረዳ አንድ ቦታ ይምረጥ፤ ወንዝ የሚታጠፍበት፣ እርሻ የተስፋፋበት፣ መንገድ ያለ ምክንያት የሚዞርበት። ሁለት ሌየር ሲደረብ ብቻ የሚመለስ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ከሥሩ ግምታችሁን ጻፉ። ግምቱን ሳልፈርምበት ስልክ የሚከፍት ቡድን እንዳላይ። ሻይ 4 ሰዓት ተኩል ነው።